ሳያዩ የሚገዙት መኪና፦ የጃፓን የሐራጅ ወረቀትና ስካይላይን ጂቲ-አር

ከቶኪዮ ወጣ ብላ በቺባ ግዛት በምትገኘው ኖዳ ከተማ፣ ዩኤስኤስ የተባለው ኩባንያ በየሳምንቱ ሐሙስ ያገለገሉ መኪኖችን ለሐራጅ ያቀርባል። በአንድ ቀን ከ10 ሺህ በላይ መኪና የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ጩኸት የለም። ነጋዴዎቹ በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው ስክሪኑን እያዩ ቁልፍ ይጫናሉ፤ በተጫኑ ቁጥር ዋጋው በጥቂት ሺህ የን ከፍ ይላል፤ አንዱ መኪና ተሸጦ ሌላው የሚተካው በሰከንዶች ውስጥ ነው። አብዛኞቹ ገዢዎች የሚጫረቱበትን መኪና በር እንኳ አልከፈቱም። ብዙዎቹም አዳራሹ ውስጥ የሉም፤ ከሌላ ከተማ ሆነው በኢንተርኔት ነው የሚጫረቱት። ሁሉም የሚተማመኑት በአንዲት ገጽ ወረቀት ነው።

ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ይህችን ወረቀት ነው። ከባሕር ማዶ ያገለገለ ስፖርት መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ስለ ፈረስ ጉልበትና ስለ ቀለም ከማንበቡ በፊት እሷን ማንበብ ቢማር ይሻለዋል።

አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ሲገዛ ልማዱ የታወቀ ነው። ደላላው ይደውላል፤ ገዢው የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ ኮፈኑ ይከፈታል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ድምፁ ይደመጣል፤ መካኒኩ ላሜራውን በጣቱ እያንኳኳ ስቱኮ የተሞላበትን ቦታ ይፈልጋል። ጃፓን ቆሞ ያለ መኪና ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም። እዚያ የመካኒኩን ሥራ የሚሠራው የሐራጅ ቤቱ መርማሪ ነው። ደመወዙን የሚከፍለው ሐራጅ ቤቱ እንጂ ሻጩ አይደለም። መርማሪው ጉድለት ቢሸፍን ሳያዩ የሚገዙት ነጋዴዎች በቤቱ ላይ ያላቸው እምነት ይፈርሳል፤ እምነቱ ከፈረሰ ደግሞ ሐራጁም አይኖርም። ስለዚህ የመኪናውን ነውር በግልጽ መጻፍ የቤቱ እንጀራ ነው። ከጃፓን የመኪና ንግድ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን አሠራር ነው።

ወረቀቷን በደንብ ለመረዳት አንድ መኪና ይዘን እንሂድ፤ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አርን። በኦገስት 1989 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኒሳን አር32 የተባለውን ትውልድ ለገበያ አወጣ። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የተደረደረበት፣ 2.6 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ነው። ኃይሉ በመደበኛ ጊዜ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል፤ እነሱ መንሸራተት ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ እስከ ግማሽ ድረስ ወደ ፊት ጎማዎች ያሻግራል። በወረቀት ላይ 280 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ተጻፈ፤ የጃፓን አምራቾች በዘመኑ ከዚያ በላይ ላለማስታወቅ ተስማምተው ነበርና። ይህ መኪና ከ1990 እስከ 1993 በጃፓን የቱሪንግ ካር ሻምፒዮና የተካሄዱትን 29 ውድድሮች በሙሉ አሸነፈ። በአውስትራሊያም በ1991 እና በ1992 የባተርስትን ታላቅ ውድድር ሲወስድ፣ የአገሩ ጋዜጠኞች ያወጡለት ጎድዚላ የሚል ስም ለዘለቄታው ተጣበቀበት። አር33 በ1995 ተከተለ፤ አር34 ደግሞ ከ1999 እስከ 2002 ብቻ ተመረተ፤ ቁጥሩም ከ11 ሺህ ብዙም አይበልጥ። የዋጋው መናር ከዚሁ ይጀምራል።

ኒሳን እነዚህን መኪኖች ለአሜሪካ ገበያ አልሠራቸውም። በ1988 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የአገሪቱን የደኅንነት መስፈርት ሳያሟላ የተሠራን መኪና በግለሰብ ደረጃ ማስገባትን እጅግ አከበደው። አንድ በር ግን ክፍት ተወ፤ ከተመረተ 25 ዓመት የሞላው መኪና ከመስፈርቱ ነፃ ነው። የጭስ ልቀትን በተመለከተ ደግሞ ሞተሩ እንደ ፋብሪካው ከሆነ 21 ዓመት ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ አር32ዎች በ2014 የበጋ ወራት በሕግ ሲገቡ ገበያው ተገለበጠ። ጃፓን ውስጥ በመጠነኛ ዋጋ ይሸጡ የነበሩ መኪኖች በአሜሪካውያን ጨረታ ዋጋቸው ተሰቀለ። አር34 በጃንዋሪ 2024 ተራው ደረሰ፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ በኦገስት 2027 ይደርሳሉ።

ዕድሜው የሚቆጠረው ከተመረተበት ወር ነው። የጃፓን የምዝገባ ሰነድ ግን የሚናገረው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ወር ነው። የምርት ወሩ በሻንሲ ቁጥሩ አማካይነት ከፋብሪካው የመለዋወጫ መረጃ ይገኛል። በአንድ ወር ልዩነት መኪናው ወደብ ላይ ሊታገድ ስለሚችል ነገሩ የሰነድ ጣጣ ብቻ ተብሎ አይታለፍም።

አሁን ወደ ወረቀቷ። በላይኛው ጥግ አንድ ቁጥር አለ፤ የመኪናው አጠቃላይ ደረጃ ነው። አዲስ መሰል መኪኖች 6 ወይም 5፣ ጥሩ የተያዙ 4.5 ወይም 4፣ ዕድሜያቸው የሚያስታውቅባቸው 3.5 እና 3 ያገኛሉ። ሠላሳ ዓመት ላለፈው አር32፣ 4 ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ከአጠገቡ የውስጥ ክፍሉ በፊደል ይመዘናል፤ ኤ እጅግ ንጹሕ፣ ዲ የተጎሳቆለ። ከታች የመኪናው አካል ከላይ እንደታየ ተዘርግቶ ተሥሏል፤ መርማሪው በየቦታው ፊደልና ቁጥር ይጽፍበታል። ኤ ጭረት ነው፤ ዩ የተሰረጎደ ላሜራ፤ ደብልዩ ተጠግኖ ወለል ያላለ፤ ኤስ ዝገት፤ ሲ ዘልቆ የበላ ዝገት፤ ኤክስ መቀየር ያለበት፤ ድርብ ኤክስ ደግሞ የተቀየረ። የቁጥሩ ማደግ የጉዳቱን ስፋት ይናገራል። በጎን በኩል መርማሪው በእጁ የሚጽፈው አጭር ማስታወሻ አለ፤ የዘይት ማፍሰስ፣ የተቀየረ ቱርቦ፣ የማይሠራ አየር ማቀዝቀዣ የሚገኘው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ደረጃውን ብቻ አይቶ ይህን ማስታወሻ ሳያስተረጉም ገንዘብ ይልካል። ለኔ ከደረጃው ይልቅ ማስታወሻው ይከብዳል፤ የተቸኮለ የእጅ ጽሑፍ ስለሆነም ትርጉሙን መሥራት ያለበት ጃፓንኛን ብቻ ሳይሆን መኪናንም የሚያውቅ ሰው ነው።

በቁጥር ፈንታ አር የሚል ፊደል ከታየ መኪናው የጥገና ታሪክ አለው ማለት ነው። ጃፓኖች ይህን ቃል የሚጠቀሙበት ለተወሰነ ነገር ነው፤ የመኪናው አጥንት፣ ማለትም የሻንሲው ዘንጎች፣ ምሰሶዎቹ፣ ወለሉ ወይም ጣሪያው ሲነካ። በቡሎን የሚታሰር ፓራፋንጎ ወይም በር ተቀይሮ ከሆነ አር አያሰኝም። ስለዚህ አር የሌለው መኪና ተጋጭቶ አያውቅም ማለት አይደለም፤ አር ያለው ሁሉም አይረባም ማለትም አይደለም። ትንሽ የፊት ክፍል ጥገና ኖሮት በጥሩ እጅ የተሠራ አር መኪና፣ 4 ተብሎ ከሥር ከሚዝግ መኪና ሊሻል ይችላል። ይህን መለየት የሚቻለው የጥገናውን ፎቶ በመጠየቅ ነው።

የኪሎሜትሩ ነገር በጂቲ-አር ላይ ልዩ ጣጣ አለው። የፋብሪካው የፍጥነት ሰሌዳ በሰዓት 180 ኪሎሜትር ላይ ያበቃል፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪኖች እዚያ ላይ እንዲገቱ ይደረግ ነበርና። ስለዚህ ብዙ ባለቤቶች የኒሳን የውድድር ክፍል ከሆነው ከኒስሞ እስከ 300 ወይም 320 የሚያነብ ሰሌዳ ገዝተው አስገጠሙ። አዲሱ ሰሌዳ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። ፎቶው ላይ 300 የሚል ሰሌዳና 40 ሺህ ኪሎሜትር ካያችሁ፣ 40 ሺሁ የሰሌዳው ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ሐራጅ ቤቱ ከተጠራጠረ ከኪሎሜትሩ አጠገብ ምልክት ያደርጋል። ማስረጃው ያለው የጥገና ደብተሩና ሻከን የሚባለው የግዴታ ምርመራ ሰነድ ላይ ነው። ሻከን ከእኛ ቦሎ ጋር የሚመሳሰል ነው፤ አዲስ መኪና በሦስተኛው ዓመት፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል።

ከኪሎሜትሩ በፊት የሚመጣ ጥያቄም አለ፦ መኪናው እውነት ጂቲ-አር ነው? ተራ ስካይላይን የጂቲ-አርን ፓራፋንጎ፣ ኮፈንና አርማ ለብሶ መሸጡ የታወቀ ነው። የጃፓን ሻንሲ ቁጥር እንደ አሜሪካው 17 ፊደል የለውም፤ በሞዴሉ ኮድ ይጀምራል። አር32 ጂቲ-አር ቢኤንአር32፣ አር33 ቢሲኤንአር33፣ አር34 ቢኤንአር34 ነው። በኤችሲአር32 የሚጀምር ከሆነ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ ሌላ ስካይላይን ነው። ኮፈኑ ሥር ያለችው ሰማያዊ ሰሌዳ ቁጥሩንና የመጀመሪያ ቀለሙን ኮድ ስለምትይዝ ፎቶዋን መጠየቅ ምንም አያስወጣም።

ሞተሩ በጥንካሬው የተመሰገነ ቢሆንም የታወቁ ደካማ ጎኖች አሉት። በአር32 እና በአር33 የፋብሪካው ቱርቦዎች ውስጥ ያሉት መዘውሮች ከሴራሚክ የተሠሩ ናቸው፤ ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ ይሰበራሉ። በቀደሙት አር32ዎች የዘይት ፓምፑ ከክራንክ ዘንጉ ጋር የሚያያዝበት ቦታ አጭር ነው፤ በከፍተኛ ዙር ለሚነዳ ሰው ፓምፑ ተሰብሮ ሞተሩን ሊጨርስ ይችላል። ዝገቱ ደግሞ የሚደበቀው ከኋላ ጎማ ጠርዝና ኮፈኑ ሥር ካሉት የሱስፔንሽን ማማዎች ላይ ነው፤ በተለይ አር34 በዚህ ይታማል። ለሻጩ የምትልኩት የመጀመሪያ መልእክት የእነዚህን ቦታዎች ፎቶ የሚጠይቅ ይሁን። ፎቶውን ለመላክ የሚያመነታ ሻጭ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ውጭ አገር ያለ ሰው በሐራጁ በቀጥታ መጫረት አይችልም፤ አባላት የሆኑ ነጋዴዎች ብቻ ናቸው የሚፈቀድላቸው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ላኪ ነጋዴ ስለእናንተ እንዲጫረት ማድረግ፣ ሌላው ነጋዴው ገዝቶ ያቆመውን መግዛት። ሁለተኛው ይወደዳል፤ ግን ተጨማሪ ፎቶና ቪዲዮ፣ ሞተሩ በብርድ ሲነሣ የሚያሰማውን ድምፅ ጭምር መጠየቅ ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው እኔ የምመርጥለት ይህን ነው። በሁለቱም መንገድ ግን ዋናው የሐራጅ ወረቀት ሳይቆረጥ መታየት አለበት፤ ደረጃው ተፍቆ በሌላ የተተካ ሐሰተኛ ቅጂ አለና፣ በሻንሲ ቁጥሩ የቀድሞ የሐራጅ መዝገብ አስፈልጎ ማመሳከር ይበጃል።

የነጋዴውን ማንነት ማጣራትም ይቻላል። ጃፓን ውስጥ ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሁሉ ከግዛቱ የሕዝብ ደኅንነት ኮሚሽን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው፤ ቁጥሩን ለመስጠት አያፍርም። የላኪዎች ማኅበር የሆነው ጁምቪያም የአባላቱን ዝርዝር ይይዛል። የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም፣ ጃፓን ውስጥ መሆን አለበት። በግለሰብ ስም ወይም በሦስተኛ አገር ባለ ሒሳብ ላኩ ከተባላችሁ፣ መኪናው ምንም ቢያምር፣ ተዉት። ፕሮፎርማው ላይ ዋጋው እስከ መርከቡ ብቻ ይሁን ወይም ጭነትና መድንን ይጨምር በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋ ብዙ ጊዜ የመርከቡን ኪራይ ያላካተተው ነው። የየን ምንዛሪም ቀላል ነገር አይደለም፤ በ2011 አንድ ዶላር ከ80 የን በታች ነበር፤ በ2024 የበጋ ወራት 160ን አለፈ።

አሜሪካ ውስጥ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለሚኖር ወገናችን የሚቀርበው ወደብ ባልቲሞር ነው፤ በመኪና ጭነት ከአሜሪካ ግንባር ቀደም ወደቦች አንዱ። መኪናው ሮሮ በሚባለው የመኪና መርከብ እየተነዳ ይገባል፣ ወይም በኮንቴይነር ይታሸጋል። ኮንቴይነሩ ይወደዳል፤ ለብርቅ መኪና ግን የሚገባው እሱ ነው። በፓናማ ቦይ በኩል ጉዞው ከወር በላይ ይፈጃል። ከጃፓን የወጪ ስረዛ ሰነዱ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ካልመጣ ምዝገባ የለም። የመኪናው ሆድ ከአፈር መጽዳት አለበት፤ ጉምሩክ በዚህ ቀልድ አያውቅም። መደበኛው ቀረጥ 2.5 በመቶ ቢሆንም ከ2025 ወዲህ የአሜሪካ የቀረጥ ደንብ ደጋግሞ ስለተቀያየረ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ትራንዚተር መጠየቅ ነው የሚያዋጣው። ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ደግሞ የራሱ ክፍለ ግዛት የጭስ ሕግ ከፌዴራሉ የጠበቀ መሆኑን ይወቅ፤ መኪናው በላቦራቶሪ እስኪያልፍ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ልውሰደው ለሚል መልሱ አጭር ነው። መሪው በቀኝ ያለ መኪና አይፈቀድም፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል።

አንድ የቀረ ነገር መድን ነው። የብዙዎቹ ተራ የመድን ድርጅቶች ሥርዓት 17 ፊደል ያለው ቁጥር ስለሚጠብቅ የጃፓኑን አጭር ቁጥር አይቀበልም። የአሮጌና የብርቅ መኪና መድን የሚሰጡ ድርጅቶች ግን ይቀበሉታል፤ ካሳውንም አስቀድመው በተስማሙበት ዋጋ ይከፍላሉ። ይህ ውል መርከቡ ወደብ ሳይደርስ ማለቅ አለበት፤ መኪናው ከወደቡ የሚወጣበት ቀን ሲነገራችሁ የምትቸኩሉበት ሌላ ብዙ ነገር ይኖራል።