ፈውሱም ጉዳቱም ከአንድ ምንጭ
ስለ አንቲባዮቲክ መድኃኒቶች ወገንና ጠባይ

ትኩሳት ያደከመው ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «እባክዎ ጠንከር ያለውን ይስጡኝ» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ይህ አነጋገር አንቲባዮቲክ የሚባሉትን መድኃኒቶች ሁሉ ከደካማው እስከ ብርቱው በማዕርግ የተደረደሩ ያስመስላቸዋል። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች በየወገናቸው የተከፈሉ ናቸው፤ እያንዳንዱም ወገን በተሐዋሲው ላይ የሚመታው የራሱ ቦታ፣ በሰውም ገላ ውስጥ የሚከማችበት የራሱ ማደሪያ ስላለው፣ የትኛውን ደዌ እንደሚፈውስና የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚጎዳ የሚወስነው ይኸው ጠባዩ እንጂ ብርታቱ አይደለም።

ተሐዋስያንን መግደልማ ቀላል ነው፤ እሳትም በረኪናም ይገድላቸዋል። ጭንቁ ሰውየውን ሳይጎዱ እነርሱን ማጥፋቱ ላይ ነው። በወንጌል ምሳሌ የተነገረለት ባለ እርሻ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ እንክርዳዱን እስከ መከር ታገሠው፤ ሐኪሙ ግን እስከ መከር የሚቆይበት ጊዜ ስለሌለው፣ ስንዴውን ሳይነካ እንክርዳዱን ዛሬውኑ የሚነቅልበትን መንገድ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። መንገዱም ባክቴሪያው ኖሮት ሰው የሌለውን ነገር ለይቶ መምታት ነው።

ከዚህ ልዩነት ዋነኛው ቅጥር ነው። አብዛኛው የባክቴሪያ ሕዋስ ዙሪያውን በጽኑ ቅጥር የታጠረ ሲሆን የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ቅጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በለንደኑ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል፣ ተሐዋስያን ያራባበት በነበረው ሳሕን ላይ ሻጋታ በቅሎ በዙሪያው ያሉትን ሲያጠፋቸው ተመለከተና ከሻጋታው የሚወጣውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፤ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼይን በኦክስፎርድ አጣርተው ለሕክምና ካበቁት በኋላም ሦስቱ በ1945 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ባክቴሪያው እያደገ ቅጥሩን በሚያድስበት ጊዜ ፔኒሲሊን ግንባታውን የሚያከናውነውን ኤንዛይም ይይዝበታል፤ ቅጥሩ ይሳሳል፣ ውኃ ይገባበታል፣ ሕዋሱም ይፈነዳል። አሞክሳሲሊን፣ ክሎክሳሲሊንና ሴፍትሪያክሶንም የዚሁ ሥራ ተካፋዮች ናቸው። የጉሮሮን ቁስለት፣ የሳንባ ምችንና ቂጥኝን ከማከማቸውም ሌላ፣ የሩማቲክ ትኩሳት ተመልሶ የልባቸውን በሮች እንዳያበላሽ ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከዚሁ ወገን ነው። ሰው የሌለውን ቅጥር ስለሚመታ ይህ ወገን ከብዙዎቹ ይልቅ ገራም ነው። ሥጋቱ ያለው አለርጂው ላይ ነው፤ ይህም ከሽፍታ ጀምሮ ትንፋሽ አሳጥቶ እስከ መግደል ስለሚደርስ፣ ነርሷ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት «ከዚህ ቀደም መድኃኒት አልስማማ ብሎዎት ያውቃል?» ብላ መጠየቋ በከንቱ አይደለም።

ሁለተኛው ዒላማ ሕዋስ ፕሮቲኑን የሚሠራበት ራይቦዞም ነው። እዚህ ላይ በሰውና በባክቴሪያ መካከል ያለው ልዩነት ይጠብባል፤ የሰውም ሕዋስ ራይቦዞም አለውና፣ ይልቁንም ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያ የተባሉት የሕዋስ ክፍሎች ራይቦዞማቸው የባክቴሪያውን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1943 አልበርት ሻትስ በአሜሪካ፣ በራትገርስ፣ በሴልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ከአፈር ተሐዋሲ ያገኘው ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የበቃ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነው። እርሱና ዘመዱ ጄንታማይሲን ከአንጀት ወደ ደም ስለማይሰርጹ በመርፌ ይሰጣሉ፤ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ግን ዘልቀው ይቆያሉ፤ በዚያም ድምፅን ተቀብለው ለነርቭ የሚያቀብሉትን ጸጉር መሰል ሕዋሳት ይገድላሉ። እነዚህ ሕዋሳት በሰው ላይ ዳግመኛ ስለማይበቅሉ የጠፋው መስማት ጠፍቶ ይቀራል፤ ኩላሊት ግን ቢጎዳም አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። እ.ኤ.አ. በ1947 ከቬኔዝዌላ አፈር የተገኘው ክሎራምፌኒኮልም ለታይፎይድ ፍቱን ሆኖ ሳለ፣ አልፎ አልፎ መቅኔን አድርቆ ደም መሥራት ስለሚያስተወው በጥንቃቄ የሚሰጥ ሆኗል።

ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊንም ራይቦዞምን የሚመቱ ናቸው፤ ልዩ ጠባያቸው ግን ካልሲየምን አጥብቀው መያዛቸው ነው። በማደግ ላይ ያለ የሕፃን ጥርስ ካልሲየም ሲሰበስብ ቴትራሳይክሊኑም አብሮ ይገነባበትና ጥርሱ ቢጫ፣ ኋላም ቡናማ ይሆናል፤ ቀለሙም በመፋቂያ የሚለቅ አይደለም። ስለዚህ ቴትራሳይክሊን ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ልጅ በተለምዶ አይታዘዝም፤ በወተትም አይዋጥም፣ የወተቱ ካልሲየም ይዞ ያስቀረዋልና።

በቅማል የሚተላለፈውና ኢትዮጵያን ለብዙ ዘመን ያስጨነቃት ግርሻ ትኩሳት በዚሁ በቴትራሳይክሊን ወይም በፔኒሲሊን፣ ብዙውን ጊዜ አንዴ ብቻ ተሰጥቶ፣ ይድናል። ዳሩ ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሽተኛው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይንራል፣ ቀጥሎም የደም ግፊቱ ይወርዳል። ይህም የሚሆነው በደሙ ውስጥ የነበሩት እልፍ አእላፋት ተሐዋስያን ባንድ ጊዜ ሲፈራርሱ አካሉ በፍርስራሻቸው ላይ በቁጣ ስለሚነሣ ነው። መድኃኒቱ ሥራውን በሚገባ በመሥራቱ የመጣ አደጋ ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው መጠን የሚሰጠው በሽተኛው በሐኪም ዐይን ሥር ተኝቶ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ ለመናገር፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ባክቴሪያው ዲኤንኤውን የሚያባዛበትን ኤንዛይም ይይዛል፤ ለሽንት ቧንቧ ሕመም ይበጃል፣ ነገር ግን በተለይ በሽማግሌዎች ላይ ከተረከዝ በላይ ያለውን ጅማት ሊበጥስ ይችላል። ሜትሮኒዳዞል ለአሜባ ፍቱን ነው፤ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ከጠላና ከአረቄም ጋር እንዳይወሰድ ይመከራል። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ይህ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ሁሉም ወገኖች ባንድነት የሚያደርሱት ጉዳት ደግሞ አለ። በአንጀታችን የሚኖሩትን ጠቃሚ ተሐዋስያን አብረው ይፈጃሉ፣ ተቅማጥም ያስከትላሉ። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ግን ቅጥርም የራሱ ራይቦዞምም ስለሌለው፣ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ የሚውጥ ሰው ፈውሱን ሳያገኝ ጉዳቱን ብቻ ይሸምታል። ከዚህም የሚከፋው የጀርሞች መድኃኒት መላመድ ነው፤ ፍሌሚንግ ራሱ የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል መጠኑን አሳንሶ መውሰድ ጀርሙን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚሁ መላመድ ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ሊቃውንት ገምተዋል።

እንግዲህ መድኃኒት የሚታዘዝለት ሰው ከዚህ ቀደም ያልተስማማውን መድኃኒት፣ እርግዝናን፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምን፣ የሚወስደውንም ሌላ መድኃኒት ለሐኪሙ ሳይሸሽግ ይንገር፤ የታዘዘለትንም በታዘዘለት መጠንና ቀን ይውሰድ፤ የተረፈውንም ለሌላ አያካፍል። የራስ ምታት መድኃኒትን አለአግባብ የወሰደ ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው፤ አንቲባዮቲክን አለአግባብ የወሰደ ግን መድኃኒት የማይበግረውን ጀርም በቤቱ ለሚኖሩትና ለጎረቤቱ ጭምር ያተርፋል።