የበጉ አንጎልና የነጩ አይጥ ቁርጠት

አጎቴ ዕድሜውን ሲጠይቁት ይሳሳታል፤ መርፌውን ግን አይሳሳትም። 17 ነው። እምብርቱን ዙሪያውን በጣቱ እያሳየ፣ ከየት ተጀምሮ የት እንዳለቀ ይናገራል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ጎጃም፣ ማቻከል ውስጥ ከብት ሲጠብቅ እብድ ውሻ ለከፈው። አያቴ መጀመሪያ ሥር ቆፍሮ የሚሰጥ ባለመድኃኒት ዘንድ ወሰዱት። ከዚያ አንድ ዘመድ ነገሩን ሰምቶ ስለጮኸባቸው ጊደር ሸጠው ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ከደብረ ማርቆስ ደግሞ የዓባይን በረሃ ተሻግረው አዲስ አበባ፣ ክትባቱ ወደሚሰጥበት «ፓስተር»። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው፣ ከዚያም አልፎ አልፎ፣ ልብሱን ገልጦ ይሰለፋል። ከተሰለፉት ውስጥ የሚያለቅስ ጎልማሳ እንደነበረ ያስታውሳል። እሱ አላለቀስኩም ይላል፤ አያቴ ግን ሌላ ነበር የሚሉት።

መርፌው ውስጥ ምን እንደነበረ የሰማው ከእኔ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ለፋሲካ በግ ሲገፍ። «ያ ያዳነህ መድኃኒት ከበግ አንጎል የተሠራ ነው» አልኩት። ቢላዋውን ያዝ አድርጎ አየኝ። «በስመ አብ ብለው ነው ያረዱት?» አለኝ።

ሳቅኩ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ኖረ። ጎጃም ውስጥ እንስሳ ዝም ተብሎ አይገደልም። ሥጋው የሚበላው በስም ሲባረክ ነው። በሬ ስም አለው፤ ሰንበት ቀንበር አይጫንበትም። ዱላውም፣ ረሀቡም፣ ጭነቱም እንዳለ ሆኖ፣ በእንስሳውና በሰውየው መካከል አንድ ዓይነት ውል አለ። ለመድኃኒት ምርምር ተብሎ የሚሞተው እንስሳ ግን በየትኛው ውል ነው የሚሞተው?

ይህን ጥያቄ የሩቅ ሰዎች ጥያቄ አድርገን ትተነዋል። እንግሊዝ በሕይወት ባለ እንስሳ ላይ የሚደረግን ሙከራ የሚገዛ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው፤ እኛ ጋ አጼ ዮሐንስ ከግብፅ ጋር ጉንደትና ጉራ ላይ በሚዋጉበት ዘመን መሆኑ ነው። ጉዳዩ ግን ሩቅ ሆኖ አያውቅም። አጎቴ ሆድ ውስጥ 17 ጊዜ ገብቷል።

የእብድ ውሻ በሽታ አገራችንን በተደጋጋሚ መትቷል። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት የሰበሰቡት መረጃ እ.ኤ.አ. በ1884 በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች፣ በነሐሴ 1903 ደግሞ በአዲስ አበባ ወረርሽኝ እንደነበረ ይናገራል። በሁለቱ መካከል ባሉት ዓመታት ፓሪስ ላይ መላ ተገኝቶ ነበር። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ዮሴፍ ማይስተር ለሚባል በውሻ ለተነከሰ ልጅ ያስወጋው መድኃኒት በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች ኅብለ ሰረሰር ደርቆ የተዘጋጀ ነው። ከዚያ በኋላ ፌርሚ የተባለው ጣሊያናዊ በፌኖል የተገራ የአንጎል ክትባት አወጣ። አዲስ አበባ ላይ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሲቋቋምና ኋላም ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ለአሥርት ዓመታት ሲያዘጋጅ የኖረው ይህንኑ የፌርሚ ዓይነት ነው። ስሙ ቢቀየርም ሰፈሩ እስከ ዛሬ ፓስተር ነው።

አሠራሩ እንዴት እንደነበረ በግልጽ ማወቅ ይገባናል። ቫይረሱ በጤናማ በግ አንጎል ውስጥ ይወጋል። በጉ ይታመማል፤ እግሩ ይከዳዋል፤ ይንዘፈዘፋል። በዚያን ጊዜ አንጎሉ ይወጣል፣ ይፈጫል፣ በፌኖል ይገራል፣ ይበጠበጣል። ከዚያ ደግሞ የአይጦች ተራ ይመጣል። ክትባቱ ኃይል እንዳለው የሚታወቀው አይጦች ተከትበው ቫይረሱ አንጎላቸው ውስጥ ሲወጋ ነው፤ ስንቱ እንደሞተና ስንቱ እንደተረፈ ይቆጠራል። ተጠርጣሪው ውሻ በእርግጥ ማበዱን ለማወቅም ቀድሞ የውሻው አንጎል ተበጥብጦ ለአይጥ ይሰጥና አይጡ እስኪሞት ሳምንታት ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ይኸኛው በፍሎረሰንት ማይክሮስኮፕ በሰዓታት ያልቃል።

የበጉ ክትባት ሰው አድኗል። ከእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ አጎቴ በሕይወት ያለው በእነዚያ በጎች ነው ብል አላጋነንኩም። ግን ጉድለት ነበረበት። የአንጎል ሥጋ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሰውየው መከላከያ አንዳንዴ የራሱን ነርቭ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ውሻው ያልገደለውን ክትባቱ ሽባ ያደረገው ሰው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን ዓይነት ክትባት ተዉት ሲል ኖሯል፤ ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ተጠቃሚዎች አንዷ ነበረች። ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፣ ገንዘብ ነው። በግ አገር ውስጥ አለ፤ ከውጭ የሚመጣው ክትባት ግን የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል።

የተተካው ክትባት ታሪክ ደግሞ ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1962 ጃፓን ውስጥ ቺባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተመራማሪ ከአንዲት አፍሪካዊ ጦጣ ኩላሊት ሴሎችን ወስዶ በብርጭቆ ውስጥ አሳደገ። እነዚያ ሴሎች «ቬሮ» ተብለው እስከ ዛሬ ይራባሉ፤ የእብድ ውሻ ክትባትም፣ የፖሊዮም፣ ሌላም በእነሱ ላይ ይመረታል። ለብዙ ዓመታት የሴሎቹ ባለቤት በሳይንሳዊ ስሟ ላይ «ኢትዮጵያዊ» የሚል የተጻፈባት፣ እኛም ጦጣ የምንላት ናት ሲባል ቆይቶ፣ የዘረ መል ምርመራ የምዕራብ አፍሪካ ዘመዷ መሆኗን ገለጠ። ማንም ትሁን፣ በየጊዜው ለሚመረተው ክትባት ይታረዱ ከነበሩት በጎች ይልቅ የአንዲት ጦጣ ኩላሊት ስድሳ ዓመት አገለገለ። ክትባቱም ይበልጥ ንጹሕ ሆነ፣ መርፌውም አነሰ። ለእንስሳ መራራትና ለሰው መራራት ሁልጊዜ በተቃራኒ ሚዛን አይቀመጡም።

ወደ ዛሬ ልምጣ። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች በፋርማሲና በሕክምና ትምህርት ክፍሎች ውስጥ የሚታየው ዋናው የሙከራ እንስሳ ነጩ አይጥ ነው። የጎጃም ባለመድኃኒቶች የሚያውቁት ቅጠልና ሥር ይሰበሰባል፤ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ጭማቂው ይደርቃል፤ ለአይጥ ይሰጣል። ደንቡ ሁሉም ቦታ አንድ ነው፦ አምስት ምድብ፣ በየምድቡ አምስት ወይም ስድስት አይጥ። አንዱ ምድብ ውሃ፣ አንዱ የታወቀ መድኃኒት፣ ሦስቱ የተክሉን ጭማቂ በሦስት መጠን።

የሕመም ማስታገሻ ሲፈተሽ የሚደረገውን ልንገራችሁ። አይጡ ሆድ ውስጥ የኮምጣጤ አሲድ ይወጋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሆዱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ወገቡን ያጣምማል፣ የኋላ እግሮቹን ይዘረጋል። አንድ ጊዜ ይህን ሲያደርግ አንድ ቁርጠት ይባላል። ተማሪው ሰዓት ይዞ ይቆጥራል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ግማሽ ሰዓት ገደማ። የመድኃኒቱ ጥንካሬ የሚለካው ቁርጠቱ በስንት በመቶ እንደቀነሰ ነው። ተቅማጥ ሲሆን ጉሎ ዘይት ያጠጡታል። ወባ ሲሆን ደግሞ «ፕላስሞዲየም በርጌይ» የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ካታንጋ ውስጥ ከዱር አይጥ የተገኘውን፣ ሰውን የማይዘውን የወባ ተሕዋስ ይወጉትና ለአራት ቀን ጭማቂውን ይሰጡታል። ሲያልቅ አይጡ ይገደላል።

ይህ ሥራ ውሸት ነው አልልም። ከእንዲህ ያለ አይጥ የተነሣ ወደ ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት አለ። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1971 ከባህል ተክል ያወጡትን ጭማቂ ወባ በያዛቸው አይጦች፣ ከዚያ በጦጣዎች ሞከሩት፤ በ1972 ራሳቸውና ባልደረቦቻቸው ዋጡት፤ ከዚያ ለሕሙማን ሄደ። ከዚያ ዘር ነው ዛሬ ጤና ጣቢያ የሚሰጠን ኮአርተም የወጣው። እዚያ አይጡ ደጃፍ ነበር። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ አይጡ መጨረሻ ነው። ጥናቱ ይታተማል፤ «ተክሉ የባህል አጠቃቀሙን የሚደግፍ ውጤት አሳይቷል፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል። ተጨማሪ ጥናቱ አይመጣም። የሚመጣው ሌላ ተማሪ፣ ያንኑ ተክል ይዞ፣ ቅጠሉ በነበረበት ሥሩን፣ ሌላ ሠላሳ አይጥ ይዞ ነው። በጽሑፉ ላይ የእንስሳት አያያዝ መመሪያን እንደተከተለ አንድ አረፍተ ነገር ይኖራል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ አረፍተ ነገር መኖሩ አይደለም፤ ብቻውን መሆኑ ነው። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1959 የጻፉት፣ በሌላ መተካት፣ ቁጥር መቀነስ፣ ስቃይ ማቅለል የሚለው መርሕ የሚጀምረው ገና አይጡ ከጎጆው ሳይወጣ፣ «ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል ወይ?» ከሚለው ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ ይቆጣል። ውሻ በመርዝ ሥጋ በየመንገዱ በሚያልቅባቸው ከተሞች ስለ አይጥ ቁርጠት ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። እውነት አለው፤ ግን ክርክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው የሚወስደኝ። ውሻውን መርዘን የምንገድለው የእብድ ውሻ በሽታን ለማጥፋት ነው፤ የሚያጠፋው ግን ክትባት ነው። ከውሾቹ ሰባ በመቶው ከተከተቡ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። የመረዝነው ውሻ ቦታ በወራት ውስጥ ባልተከተበ ቡችላ ይያዛል።

ሙከራው ደግሞ በድሃ ላይ የሚከብድበት ጊዜ አለ። እንዶድን አስቡ። እናቶቻችን ሸማ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል፣ በዚያም ቢልሃርዚያን እንደሚገታ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አጠገብ ወንዝ ዳር አዩ። ከዚያ የውጭ ተቋማት በውድ ላቦራቶሪ የተሠራ የመርዛማነት ጥናት ጠየቁ፤ ዓመታት ነጎዱ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «ትክክለኛ አኗኗር» የተባለውን ሽልማት ወሰዱ፤ የላቦራቶሪው ጥያቄ ግን ያኔም አላለቀም ነበር። ጥያቄው መሠረት የለሽ አልነበረም፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 ሳይፈተሽ የተሸጠ አንድ ሽሮፕ ከመቶ በላይ ሰው ገድሎ ነው የፍተሻ ሕግ የወጣው። ነገር ግን ያችው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ሕጓን አሻሽላ፣ አዲስ መድኃኒት ሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳ መፈተን የግድ መሆኑን አስቀርታለች።

ምሥራቅ ጎጃም ላይ ሌላም ታሪክ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምወደው። ዝሆኔ። ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ እግሩ የሚያብጥበት፣ በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ያለበት በሽታ። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ከሕሙማን እጢ ውስጥ የአፈር ቅንጣት አገኙ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ሲሊካ በጥንቸሎች የሊምፍ ሥር ውስጥ አስገብተው ሥሩ ሲቆጣና ሲጠብብ አሳዩ። ጥሩ ፍንጭ ነበር። የሰውን ዝሆኔ በትክክል የሚመስል እንስሳ ግን አልተገኘም፤ ጥንቸል ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አርባ ዓመት በባዶ እግሩ አያርስም።

ስለዚህ መልሱ ከሰው መጣ። እ.ኤ.አ. በ2015 በምሥራቅ ጎጃም የተጀመረ ጥናት 696 ሕሙማንን በዕጣ በሁለት ከፈለ። ግማሹ ወዲያው፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ተሰጠው፦ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ። እግሩ በድንገት እየተቆጣ የሚጥለው ሕመም በአምስት እጅ አንድ ያህል ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። አንድም አይጥ አልሞተም። ፈቃዳቸውን የሰጡ ሰዎች ነበሩ፤ ፈቃድ መስጠት የሚችሉ።

ባለፈው ዓመት የአጎቴን የልጅ ልጅ ውሻ ነከሰው። አብሬያቸው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ከማቀዝቀዣው ብልቃጡን አውጥታ የልጁን ክንድ በጥጥ ጠረገች፤ አራት ጊዜ ትመጣላችሁ አለች።

«አራት ብቻ?» አለ አጎቴ። ቅር ያለው ይመስል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፦ «ይኼስ ከምን ተሠራ?»

ነገርኩት። ከአንዲት ጦጣ ኩላሊት፣ ከሞተች ስድሳ ዓመት ካለፋት።

ትንሽ ዝም አለ። ልጁ እጅጌውን ሲያወርድ እየተመለከተ፣ «ያቺ በቆሎዬን የምትጨርሰው?» አለ።