መለዋወጫ በስሙ ሳይሆን በቍጥሩ ይገዛል
(በሬዲዮ የተነገረ)

አውቶሞቢል የሚገዛው አንድ ቀን ነው፤ መለዋወጫው ግን መኪናው ከመንገድ እስኪወጣ ድረስ ሲገዛ ይኖራል። ፊልትሮው ይቈሽሻል፤ የፍሬን ሸራው ያልቃል፤ ኩሽኔታው ይጮኻል። ስለዚህ መኪና ያለው ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ የዘወትር የመለዋወጫ ሸማች ነው። ዛሬ የምናብራራው በኢንተርኔት አማካይነት ከፋብሪካ ወኪሎች መለዋወጫ ስለ መግዛት ነው፤ ይኸውም ገንዘብ እንዳይባክን፣ ከገንዘብም ይልቅ ሕይወት እንዳይጠፋ በማሰብ ነው።

ጉዳዩ በአገራችን ይበልጥ እንዲታሰብበት ያደረጉ ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መንግሥት በመወሰኑ፣ በእጃችን ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቈየት ግድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ማለቱ ነው። እንግዲህ በሱማሌ ተራ ከሱቅ ሱቅ ሲዞር ውሎ ዕቃውን ያጣ ወይም ዋጋው ያስደነገጠው ሰው፣ በዋሺንግተን ለሚኖር ወንድሙ «እዚያ ፈልግልኝ» ብሎ መላኩ የሚያስገርም አይደለም።

በአሜሪካ አገር የአንድን ፋብሪካ መኪና እንዲሸጥ የተፈቀደለት ወኪል፣ ከሽያጩ ጋራ የጥገና ጋራዥና የመለዋወጫ መጋዘን አለው። ከእነዚህ ወኪሎች ብዙዎቹ መጋዘናቸውን በኢንተርኔት ለሩቅ ገዢ ከፍተዋል፤ እርስ በርሳቸው ስለሚወዳደሩም ፋብሪካው ከጠቈመው ዋጋ ቀንሰው የሚሸጡ አሉ። ዕቃው ከፋብሪካው መጋዘን ወደ ወኪሉ፣ ከወኪሉ ወደ ገዢው ስለሚሄድ መንገዱ አጭር ነው፤ መንገዱ ባጠረ መጠንም አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠባል።

ይሁን እንጂ ከታማኝ ሻጭ መግዛት ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ ያህል በራሴ የደረሰውን ልንገራችሁ። የቤታችን መኪና ኮሮላ ናት። የፊት ፍሬኗ መፋጨት በጀመረ ጊዜ፣ በአሜሪካ ለሚኖረው ታናሽ ወንድሜ «የ2003 ኮሮላ የፊት ፍሬን ሸራ ግዛልኝ» ብዬ ላክሁበት። እርሱም ከአንድ ሕጋዊ ወኪል በኢንተርኔት ገዝቶ ወደ አገር በሚመጣ ሰው እጅ ላከልኝ። አምስት ሳምንት ጠብቀን ሣጥኑን ስንከፍት ዕቃው በእርግጥ የፋብሪካው ነው፤ ሆኖም አልገጠመም። ለካ የእኛ መኪና በጃፓን ለጃፓን ገበያ የተሠራች ስትሆን፣ የመጣው ሸራ በአሜሪካ ለሚሸጠው ኮሮላ ኖሯል። ስማቸው አንድ፣ አካላቸው ግን ሁለት ነው።

መካኒኩም «ግድ የለም፣ ጋሼ፤ ጠርዙን በሞረድ ትንሽ ነካ አድርገን እናስገባዋለን» አለኝ። አምስት ሳምንት የጠበቀ ሰው ይህን ሲሰማ ለእሺታ ምን ያህል እንደሚቀርብ የደረሰበት ያውቀዋል። እኔም እሺ ልል ነበር። ነገር ግን በማግሥቱ ጧት ሁለቱ ልጆቼ በዚያችው መኪና ያንን ቍልቍለት ወርደው ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ትዝ አለኝና ተውሁት። መኪናዋ ቆመች፤ ልጆቹም በታክሲ ሄዱ። ጥፋቱ የሻጩ አልነበረም፤ የወንድሜም አልነበረም። ስም ነገርሁት እንጂ ቍጥር አልሰጠሁትም።

ቍጥር ስንል ሁለት ነው፤ የመኪናው ቍጥርና የዕቃው ቍጥር።

የመኪናው ቍጥር በሊብሬው ላይ የሻንሲ ቍጥር ተብሎ የሚጻፈው ነው። ሆኖም በጽሕፈት ጊዜ የተሳሳተ ፊደል ሊኖር ስለሚችል፣ በመኪናው አካል ላይ ከተቀረጸው ጋራ ማመሳከር ያስፈልጋል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ይህ ቍጥር 17 ፊደላትና አኀዞች እንዲኖሩት ተደርጓል። አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከዜሮ ጋራ እንዳይምታቱ ሲባል በውስጡ አይገቡም። የመጀመሪያው ምልክት መኪናው የተሠራበትን ስፍራ ያመለክታል፤ ጄ ከሆነ ጃፓን፣ ደብልዩ ከሆነ ጀርመን፣ 1 ወይም 4 ወይም 5 ከሆነ አሜሪካ ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ 10ኛው ምልክት የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ 9ኛው ደግሞ ከሌሎቹ ተሰልቶ የሚገኝ መቈጣጠሪያ ስለ ሆነ፣ አንድ ምልክት በስሕተት ቢገለበጥ ብዙውን ጊዜ ያጋልጠዋል።

ለጃፓን ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ግን ይህ 17 ምልክት የላቸውም። የእነርሱ አጠር ያለ ሆኖ፣ የሞዴሉ ምልክትና ተራ ቍጥሩ በሰረዝ የተለያዩበት የሻንሲ ቍጥር ነው። የአሜሪካ ወኪል መዝገብ የሚያውቀው ለአገሩ ገበያ የተሠሩትን ስለ ሆነ ይህን ቍጥር ቢሰጡት አይመልስም። በአዲስ አበባ መንገድ ዘወትር የምናያት ቪትዝ እንኳ በዚህ ስም በአሜሪካ ተሽጣ አታውቅም። የእንዲህ ያለች መኪና ባለቤት የጃፓንን ገበያ መዝገብ ወደ ያዘ ሻጭ ቢሄድ ይሻለዋል።

በዚህ ላይ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪናዎች አሉ። የሻንሲ ቍጥር መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ይናገራል እንጂ በኋላ በጋራዥ የተደረገውን አይናገርም። ስለዚህ የመሪ ክፍል በሻንሲ ቍጥር ብቻ ያዘዘ ሰው ለቀኝ መሪ የተሠራ ዕቃ ይደርሰዋል። በዚህ ጊዜ አሮጌውን አስፈትቶ በላዩ ያለውን ቍጥር ማየት፣ ከተላከውም ሥዕል ጋራ ማስተያየት ግዴታ ነው።

የዕቃው ቍጥር የሚገኘው ከመዝገቡ ሥዕል ነው። በቶዮታ መዝገብ ይህ ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ 10 ምልክት ሆኖ አምስት አምስት እየሆነ ለሁለት ይከፈላል፤ ፊተኛው የዕቃውን ዐይነት፣ ኋለኛው የትኛው መኪና እንደሚወስደው ይለያል። 04465 ብሎ የሚጀምረው የፊት ጎማ የፍሬን ሸራ ነው፤ 04466 ብሎ የሚጀምረው የኋላ ነው። ቀኝና ግራ የሚባለውም በሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ ወደ ፊት ሲታይ ነው እንጂ ከመኪናው ፊት ቆሞ ሲታይ አይደለም። ፋብሪካው አንድን ዕቃ ሲያሻሽል አሮጌውን ቍጥር ሽሮ በአዲስ ሊተካው ይችላል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ላይ ሌላ ቍጥር ያየ ሰው ተታለልሁ ብሎ ከመጮኹ በፊት፣ ይህ ያንን የተካ መሆን አለመሆኑን ሻጩን ይጠይቅ።

ስለ ሻጩም ጥቂት እንበል። ወኪል ነኝ ያለ ሁሉ ወኪል አይደለም። ፋብሪካዎች የሕጋዊ ወኪሎቻቸውን ስምና አድራሻ በድረ ገጻቸው ስለሚዘረዝሩ፣ ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሻጩ በዚያ ዝርዝር መኖሩን ማረጋገጥ ይገባል። በሌላ በኩል በፋብሪካው ሣጥን ያልመጣ ሁሉ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። እንደ ዴንሶና እንደ አይሲን ያሉ ኩባንያዎች ለቶዮታ ፋብሪካ የሚያቀርቡትን ዐይነት ዕቃ በራሳቸው ስምም ይሸጣሉ። ሊፈራ የሚገባው የሌላውን ስምና ሣጥን ሰርቆ የሚመጣው ነው።

በመጨረሻም ዋጋው በድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ብቻ እንዳልሆነ ይታሰብ። የመላኪያ ሒሳብ አለ፤ ቀላል ሆኖ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ዕቃ እንደ ከባድ ሊታሰብ ይችላል። ኤርባግና ባትሪ በአውሮፕላን ሲጓጓዙ እንደ አደገኛ ዕቃ ስለሚቈጠሩ በሻንጣ አስገብቶ መላክ አይገባም። ታድሰው በሚሸጡ ሞተሪኖና ዲናሞ ላይ፣ አሮጌው ሲመለስ የሚመለስ የመያዣ ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል፤ አሮጌው አዲስ አበባ ከቀረ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከተሸጠ በኋላ መልሰው የማይቀበሉም ብዙዎች ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጉምሩክ ቀረጥ አለ። ይህ ተደምሮ በአገር ውስጥ ካለው ዋጋ ጋራ ሳይወዳደር ርካሽ ነው ማለት አይቻልም።

ያ የፍሬን ሸራ እንዴት ሆነ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሻንሲውን ቍጥር ከመኪናዋ አካል ቀድቼ፣ በኢንተርኔት ካለው የጃፓን መዝገብ የዕቃውን ቍጥር አውጥቼ፣ በወረቀት ጽፌ ሱማሌ ተራ ብወርድ በሦስተኛው ሱቅ ተገኘ። ቀድሞም እዚያው ነበረ፤ እኔ ግን የምጠራበትን አላውቅም ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነውና፣ መኪና ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ የሻንሲ ቍጥራችሁን አመሳክራችሁ በማስታወሻ ጻፉ። ከሩቅ ብትገዙ ከቅርብ፣ የሚጠቅማችሁ እርሱ ነው። የማይገጥመውን ግን፣ ምንም ያህል ቢወደድ፣ ምንም ያህል ብትጠብቁት፣ በሞረድ አታስገቡት።