ዲሹ ይውረድ ወይስ ይቆይ?

ባለፈው ወር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚገኘው የእናቴ ቤት ጣራ ላይ ዲሹን ላወርድ መፍቻ ይዤ ወጣሁ። ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቼላት ስለነበር «ከእንግዲህ ሁሉም በኢንተርኔት ነው» ብዬ ፎክሬያለሁ። ሁለት ብሎን ካላላሁ በኋላ ግን «መጀመሪያ አሳየኝ» አለችኝ። ወርጄ በስልኬ ሆትስፖት የምትወደውን ተከታታይ ድራማ ከዩቲዩብ ከፈትኩላት። ሦስተኛው ክፍል መሀል ላይ ቀጥ አለ፤ ጥቅሉ አልቋል።

«ዲሹ እኮ ካርድ ሙዪልኝ ብሎኝ አያውቅም!»

እውነቷን ነው። ሳተላይት ያንኑ አንድ ሞገድ በመላ አገሪቱ ላይ ይረጫል፤ ጣቢያው የሚከፍለው ኪራይ አንድ ሰው አየው አሥር ሚሊዮን ያው ነው። ኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዱ ተመልካች ለየብቻ ይልካል፤ የማድረሻው ሒሳብም ተመልካቹ ላይ ይወድቃል። አንድ ሰዓት ማየት በመካከለኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋ ባይት፣ በከፍተኛ ጥራት ደግሞ እስከ 3 ጊጋ ባይት ሊበላ ይችላል። እናቴ በቀን አራት ሰዓት ታያለች። በመካከለኛው ብናሰላው እንኳ በወር እስከ 120 ጊጋ ባይት ነው፤ ያውም ከጡረታ አበል ላይ! ያልተገደበ የቤት ኢንተርኔት ላስገባ ሰው ስሌቱ ይለያል፤ እሱም ቢሆን ግን በየወሩ ይከፈልበታል።

ሰዉ አዲስ ነገር ፈርቶ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ቃና የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ስንቱ ቤት ወዲያው እንደተቀበለው እናስታውሳለን። በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት መዛወር ሲጀምሩም፣ ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩት ሳህኖች ወደ ምሥራቅ ዞሩ። የሰፈራችን ዲሽ ሠራተኞች ከጣራ ጣራ ሲወጡ ሲወርዱ ሰነበቱ። ክፍያው የአንድ ጊዜ ስለነበር ብዙም አላጉረመረምንም።

በነገራችን ላይ፣ ዋሽንግተን ያለችው እህቴ ቴሌቪዥን ጣቢያ የምትለው ዩቲዩብን ነው። የወንድሜ ልጆችም ሪሞቱ የት እንዳለ አያውቁም። የሚያዩት አብዛኛው ነገር ግን እዚሁ ያሉ ጣቢያዎች ራሳቸው ሠርተው የጫኑት ነው። ስለዚህ ለእኔ ጥያቄው የትኛው የትኛውን ያጠፋል ሳይሆን፣ የማድረሻውን ሒሳብ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በኢንተርኔት ገበያው ላይ ተፎካካሪ መጥቷል። የዳታ ዋጋ የእናቴን አራት ሰዓት የሚችል እስኪሆን ድረስ ግን ሳህኑ ከጣራችን የሚወርድ አይመስለኝም።

ቅዳሜ ተመልሼ ወጣሁና ያላላኋቸውን ብሎኖች አጠበቅኩ። እናቴ ከታች ሆና «መጣ! መጣ! እንዳትነካው!» ትላለች።