ስያሜው አንድ፣ ይዘቱ ልዩ ልዩ የሆነው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት

በዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚሰጠው የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በስያሜ ቢመሳሰልም፣ በይዘቱ ከተቋም ተቋም በእጅጉ ይለያያል። በመሆኑም ሠራተኛን ለትምህርት የሚልክ መሥሪያ ቤት ከዩኒቨርሲቲው ዝና አስቀድሞ የትምህርቱን ዝርዝር ከሥራ መደቡ ጋር ማገናዘብ ይኖርበታል።

ልዩነቱ ከአመሠራረት ይጀምራል። በዌልስ አበሪስትዊዝ ከተማ እ.ኤ.አ በ1919 የተቋቋመው የትምህርት ክፍል ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰላምና የጦርነትን ምክንያቶች ለመመርመር የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት በዋሽንግተን ሥራ የጀመረው የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤት ግን ትኩረቱ በውጭ አገር ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሥልጠና ላይ ነበር። የአሜሪካ የውጭ አገልግሎት በዛሬው መልኩ የተደራጀው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1924 መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የምርምርና የሙያ ዝንባሌዎቹ እስካሁን ይታያሉ። የለንደን የምጣኔ ሀብት ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት የሚያስጨርሰው ትምህርት በንድፈ ሐሳብና በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያተኩራል። ሠራተኛውን ለረጅም ጊዜ ማሰናበት ለማይችል መሥሪያ ቤት የጊዜው ማጠር ይጠቅማል፤ ከመማሪያ ክፍል ውጪ ለሚገኝ የሥራ ልምምድ ግን ፋታ አይሰጥም።

እ.ኤ.አ በ1943 የተመሠረተው የጆንስ ሆፕኪንስ ከፍተኛ የዓለም አቀፍ ጥናት ትምህርት ቤት የሚታወቀው ለምጣኔ ሀብት በሚሰጠው ክብደት ነው። ኢትዮጵያ በ2003 የአባልነት ጥያቄ ባቀረበችበት የዓለም ንግድ ድርጅት ስለ ታሪፍ ለሚደራደር ባለሙያ ይህ ዓይነቱ ዝግጅት ተፈላጊ ነው። ከሒሳብ የራቀ ተማሪ ግን ሊቸገር ይችላል። በ1933 የተቋቋመው የፍሌቸር ትምህርት ቤት በበኩሉ ሕግንና ዲፕሎማሲን ያጣምራል። ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን ወይም ስምምነቶችን በሚመለከት ክፍል ለተመደበ ሠራተኛ ከንግድ ንድፈ ሐሳብ ይልቅ የዓለም አቀፍ ሕግ ዕውቀት ይቀርበዋል።

በ1927 የተመሠረተው የጄኔቫው ተቋም ትምህርቱን በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይሰጣል። ፈረንሳይኛ የአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋ በመሆኑ በዚያ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ መማር ለዲፕሎማት ተጨማሪ ትርፍ አለው።

የሥራ ድርሻው በቀጣናው ሰላምና ደኅንነት ላይ ለሆነ ሠራተኛ ደግሞ ምርጫው ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከፖለቲካ ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል በተጨማሪ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ይገኛል፤ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚያው ከተማ ነው።