በብርድ ወራት ሞተር ብስክሌት ለሚነዱ ሰዎች ስለ እጅ ሙቀት አጠባበቅ

ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት በደጋው አገራችን ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የተቀበለችው ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃንና በመሰሎቿ ከተሞች፣ ጧት ጧት በሣሩ ላይ ውርጭ ይታያል። በእግሩ የሚሄድ ሰው እጁን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ይህን ብርድ ያልፈዋል። ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው ግን ሁለት እጆቹን ለነፋስ ዘርግቶ ስለሚጓዝ፣ አስቀድመው የሚደነዝዙት ጣቶቹ ናቸው።

ይህም የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፊተኛው ፍሬን በቀኝ፣ ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ጣቶች የሚያዝ እንደ መሆኑ መጠን የነጂው ደኅንነት በጣቶቹ ቅልጥፍና ላይ የቆመ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። የደነዘዘ ጣት ፍሬኑን ለመጨበጥ ግማሽ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ ሞተሩ ከ8 ሜትር በላይ ያለ ፍሬን ይሮጣል። በዚያ ርቀት ውስጥ ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገር ሕፃን ሊገኝ ይችላል።

ሰውነታችን ብርድ ሲሰማው አስቀድሞ የሚጠብቀው ልብን፣ ሳንባንና ሌሎቹን የውስጥ ብልቶች ነው። ስለዚህ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱትን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቁን ደም ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ነፋሱም በቆዳችን ዙሪያ ያለውን ሞቃት አየር ጠርጎ ይወስዳል። አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው፣ ባዶ እጁ የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። የጣት ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ ቅልጥፍናው ይቀንሳል፤ ከዚያም እየቀዘቀዘ ሲሄድ የመዳሰስ ስሜቱ ይጠፋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ እጅን ማሞቅ የሚጀመረው ከደረት መሆኑን ነው። ደረት ከሞቀ ሰውነት ለጣቶች ደም አይነፍግም። ስለዚህ የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ፤ በሹራብ ላይ ነፋስ የማያስገባ ካፖርት መልበስ፣ አንገትንም መሸፈን። እንዲህ ያለ ካፖርት ያላገኘ ሰው በሹራቡና በኮቱ መካከል ጥቂት የጋዜጣ ወረቀት ደረቱ ላይ ቢያደርግ ነፋሱን ይከላከልለታል። ጋቢ ለብሶ መንዳት ግን ጫፉ በጎማው ወይም በሰንሰለቱ ሊጠመጠም ስለሚችል አደገኛ ነው።

2ኛ፤ ከውስጥ ቀጭን የሱፍ ጓንት፣ ከላይም ሰፋ ያለ የቆዳ ጓንት ማድረግ። ሱፍ ብቻውን ነፋስ ያሳልፋል፤ ጠባብ ጓንትም የደምን ዝውውር ይከለክላል። የእጅ አንጓ ተገልጦ እንዳይቀር ጓንቱ ከእጅጌው ጋር ይደራረብ።

3ኛ፤ ከቆዳ ወይም ከሸራ የተሰፋ ሽፋን በመሪው እጀታ ላይ ማሰር። ሽፋኑ ፍሬኑን የማይጫን፣ እጅም በቀላሉ የሚገባበትና የሚወጣበት መሆኑ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ይፈተን።

4ኛ፤ ተለዋጭ ደረቅ ጓንት መያዝ። ውሃ ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚያስተላልፍ፣ የረጠበ ጓንት የእጅን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል።

5ኛ፤ ብርዱ ሳይቀድም መልበስ። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 3,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ ልዩነቱ ከ11 ዲግሪ አያንስም። ስለዚህ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ልብሱን ይደርብ።

ለማሞቅ ተብሎ አረቄ መጠጣት ስሕተት ነው። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ቢሰጥም፣ የውስጡን ሙቀት ያባክናል፤ አእምሮንም ያፈዝዛል። ሲጋራም የጣትን የደም ሥሮች ያጠባል።

እጁ የደነዘዘበት ሰው ቆሞ እጆቹን በብብቱ ውስጥ ያቆይ፤ ወይም ለብ ባለ ውሃ ይንከር። በማርሚታ ወይም በእሳት ላይ ማሞቅ አይገባም፤ የደነዘዘ ቆዳ ቃጠሎ አይሰማውምና። ጣቶቹ በብርድ ጊዜ ደጋግመው የሚነጡ ወይም የሚጠቁሩ፣ የሚያብጡ ወይም ውሃ የሚቋጥሩ ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

በመንገድ ላይ እጅን ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለ። ይኸውም ሞተሩን ዳር አቁሞ፣ ጓንትን አውልቆ፣ አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጫፍ ጋር ማገናኘት ነው። ጣቶቹ እንደ ልብ ካልተገናኙ ፍሬንም እንደ ልብ አይጨብጡምና፣ ነጂው እጁ እስኪሞቅ ድረስ ጉዞውን አይቀጥል።