ላይፋይ አምፖል ዓይን ይጎዳል?

«ዶክተር፣ ኢንተርኔት የሚያስተላልፍ አምፖል ዓይን አያጠፋም ወይ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ሃራልድ ሃስ እ.ኤ.አ. በ2011 «ላይፋይ» ብሎ ያስተዋወቀው ቴክኖሎጂ የኤልኢዲውን ብርሃን በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ስለሚያርገበግበው ዓይናችን አይለየውም፤ እሱ አያስጨንቃችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ርካሹ አምፖል ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዳንዱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በተለይ ማይግሬን ላለበት ሰው ራስ ምታት ሊቀሰቅስ ይችላል። በስልካችሁ በስሎው ሞሽን ቅረጹት፣ ብልጭ ድርግም ካለ ቀይሩት።

ሌላው እንቅልፍ ነው። ሰማያዊ የበዛበት ነጭ ብርሃን ማታ ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ይቀንሳል። በስልክ የሚታዘዝ ስማርት አምፖል ያላችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ወደ 2700 ኬልቪን አውርዱትና ደብዘዝ ይበል። ለዚህ ብላችሁ ግን ውድ አምፖል እንዳትገዙ፤ ተራው ቢጫ ኤልኢዲም ይበቃል።